የሽንት ቤቱ አረቄ

እትዬ ስቶያንካ፣

ትናንት «አረቄዬን ማን ጠጣው?» ብለውኝ ነበር።
ማንም አልጠጣውም። ማሞቂያው ስለተበላሸ፣ ውሃው በረዶ ሆኖ ቧንቧውን እንዳያፈነዳ ብዬ ሽንት ቤቱ ውስጥ ደፋሁት። «የኔ አረቄ ሳይቤሪያ ቢወስዱትም በረዶ አይሆንም» ይሉ የነበሩት እርስዎ ነዎት።

የኩሽናው ውሃ ጠብ ጠብ ይበል፤ እባክዎ አይዝጉት።
ጎመን ያኮመጠጥንበትን በርሜል በካፖርትዎ ጠቅልዬዋለሁ። ጎመኑ በረዶ ከሆነ እስከ ፋሲካ ምን እንበላለን?

ማሞቂያው አርጅቷል ብዬ ገና ሳይበርድ ተናግሬ ነበር።


ፊደሌ የተንጋደደው ከብርዱ ነው፤ የማታ ትምህርት አስተማሪዬ እንዳያዩት።

ልጄን ሚልኮን ሳል ስለያዘው ይዤው ስሊቨን ከተማ እህቴ ቤት ሄጃለሁ። እናትዎን «አብረን እንሂድ» ብላቸው፣ «ይሄም ብርድ ሆኖ ነው? ልፍስፍስ» ብለውኝ፣ ከሁለት ዶሮዎች ጋር አልጋ ውስጥ ቀርተዋል።