በሕይወት ያሉትን እናቴን ስለገደለው ውርስ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ የተሟላ ይሁን እያልኩ ከልብ እመኛለሁ፤ ቢታመሙ ቀጠሮ የሚይዙት በራስዎ ድረ ገጽ ነውና ምኞቴ የይስሙላ አይደለም።

እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ፕሮግራሚንግ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ። የእናቴ አንድ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል፤ ሁለተኛው በዚህ ወር ቀዶ ሕክምና ካላገኘ እንደማይተርፍ ሐኪሙ ነግሮናል። ቀጠሮ ልይዝላቸው ብገባ ድረ ገጽዎ «ሟች ቀጠሮ መያዝ አይችልም» አለኝ። የሞቱት ባለፈው ወር ያረፉት አባቴ ናቸው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. ድረ ገጹ «በላቀ ኦብጀክት ኦሪየንትድ ፕሮግራሚንግ» መሠራቱን በየገጹ አናት ስለለጠፉልን አመሰግናለሁ። በዚህ የፕሮግራም አጻጻፍ ስልት ውርስ የምንለው፣ አንዱ የሌላውን ባሕርይ እንዳለ የሚወስድበት ዘዴ አለ። እርስዎም የሚስትን መዝገብ ከባል መዝገብ እንዲወርስ አደረጉና፣ አባቴ ሲያርፉ «ሟች» የሚለው ቃል ለእናቴ ተላለፈ። የሰው ሚስት ቤት ትወርሳለች፤ እናቴ ሞት ወረሱ። ውሻ እንስሳ ስለሆነ ከእንስሳ ይወርሳል ብለን በመጀመሪያው ሳምንት እናስተምራለን። ሚስት የባል ዓይነት ናት እንዴ? ኧረ በሕግ አምላክ!

፪. «ስህተት ለማረም እዚህ ይጫኑ» የሚለው ሊንክ ወደ ቅጽ፣ ቅጹ ወደ መመሪያ፣ መመሪያው ተመልሶ ወደ «እዚህ ይጫኑ» ወሰደኝ። ኖሮ ኖሮ ከመሬት፣ ዞሮ ዞሮ ከቤት ይባላል፤ እርስዎ ለእናቴ መሬቱን፣ ለእኔ ዙረቱን አደሉን።

፫. መስኮት ቁጥር አራት ያለችው ሠራተኛዎ፣ እናቴ ፊቷ ቆመው እያየቻቸው፣ ሲስተሙ ካለ አለ ነው ብላ ነፍስ ይማር አለቻቸው። እናቴም ጨዋ ናቸውና አሜን አሉ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በዚሁ በውርስ ምዕራፍ ዘጠና አምስት ሰጥቼ ያሳለፍኩዎት፣ ዛሬ በዚያች እጄ የማፍር የቀድሞ አስተማሪዎ

ማስታወሻ፦ መመሪያዎ «ሟች መሞቱን የሚቃወም ከሆነ በአካል ቀርቦ ይፈርም» ይላል። ሟች እናቴ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቢሮዎ ይገኛሉ። አጥርተው ስለማያዩ የሚፈርሙበትን ቦታ እጃቸውን ይዘው ያሳዩልኝ፤ እጃቸው ሙቅ ሆኖ ካገኙት ለሲስተሙ ይንገሩልን።