ማይክሮዌቩና እራታችን

ለይላ፣

ውርጌሳ እናቴ ጋ ሄጃለሁ፤ አሟታል። አምሽተሽ ስለገባሽ አልቀሰቀስኩሽም።

ማይክሮዌቩን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጌዋለሁ፤ ሙቀቱ መውጫ ይፈልጋል። ለብቻው ነው የሰካሁት፤ ከምድጃው ጋር በአንድ ማከፋፈያ እንዳትሰኪው። ባዶውን አታስነሺው። እንቁላልም ከነቅርፊቱ አታስገቢ፣ ይፈነዳል።

ብረት ነገር በጭራሽ! ትናንት አንቺ ፋርማሲ ተረኛ ሳለሽ ወጡን ከነብረት ሳህኑ ከተትኩት። ብልጭታው ሲረጭ "ለይላ!" ብዬ ጮህኩ። ቤት እንደሌለሽ ትዝ ያለኝ ከጠራሁሽ በኋላ ነው። ሶኬቱን ነቅዬ ደጃፉ ላይ ብዙ ቁጭ አልኩ። ምንም አልሆንኩም፤ እሱም ይሠራል።

ገዝተሽው የመጣሽ ዕለት "ከእንግዲህ እኔን ሳትጠብቂ ብዪ፤ የኔን አሙቄ እበላለሁ" አልሽኝ። ለእኔ አዝነሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አንቺን መጠበቅ ሰልችቶኝ አያውቅም፤ አልነገርኩሽም እንጂ።

ምስር ወጡ በመስታወት ሳህን ነው ያለው። ክዳኑን ገርበብ አድርገሽ አሙቂው፤ ስታወጪው በጨርቅ ያዢው፣ ያቃጥላል።

ኢንሻአላህ እሁድ እመለሳለሁ። ተረኛ ካልሆንሽ፣ ቀዝቃዛም ቢሆን አብረን እንብላ።

ነሲባ