ጋሽ ግርማ የጨመሩት መስመር

ማክሰኞ

ጋሽ ግርማ ዛሬም ከጽሑፉ ወጡ።

እኔ የጻፍኩት ይሄን ብቻ ነበር፦ ፈረንጇ ነርስ «እንዴት ነዎት?» ትላለች። በሽተኛው «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። እሷም «ደህና» ብላ ጽፋ ታሰናብተዋለች። የእኛ ሰው እውነቱን የሚያወጣው ሦስቴ አራቴ ሲጠየቅ መሆኑን አታውቅም። ድራማው ይኸው ነው። እሁድ አፓርትመንታችን አዳራሽ ውስጥ ሰው አይቶ ይስቃል፣ ሲወጣ በሩ ላይ ደም ግፊቱን ይለካል። የከተማው ጤና ቢሮ ነርስና መለኪያ የሰጠን ለዚህ ነው። የምንኖርባት የአሜሪካዋ አሌክሳንድሪያ አንድ ከተማ ናት ይባላል። ወንዙ ዳር ጀልባ ያላቸው ሰዎች በየዓመቱ ይመረመራሉ። እኛ እዚህ አፓርትመንቶቹ ውስጥ የምንመረመረው አምቡላንስ ሲመጣ ነው።

ጋሽ ግርማ በሽተኛውን ይጫወታሉ። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳሉ። ዛሬ ከ«ይመስገን» በኋላ ጨመሩ፦ «ደረጃ ስወጣ ብቻ ደረቴ ላይ ሰው የሚቆምብኝ ይመስለኛል።» ነርሷን የምትጫወተው ሰብለ ሳቋ አመለጣት። ሁላችንም አጨበጨብን።

«ከየት አመጡት?» አልኳቸው።

«ፈጠርኩት። አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ ደራሲ?»

ቤት ገብቼ መስመሩን ጽሑፉ ላይ ጨመርኩት።

ረቡዕ

የምሠራበት ሆቴል ቁርስ ክፍል ሁለት ሳህን ሰበርኩ። ያ መስመር አልለቀቀኝም። ሰው ሲፈጥር ያጋንናል። እሳቸው ግን «ደረጃ ስወጣ ብቻ» አሉ። «ብቻ»ን የሚፈጥር ሰው የለም።

ለእሁድ የቀረ፦ ወንበር መደርደር። ማይክ። ለሚለኩት ሁለተኛ ጠረጴዛ። በጋሽ ግርማ ቦታ የሚገባ ሰው፦ የለም።

በእረፍት ሰዓቴ ኮል አደረግኩላቸው።

«ደህና ነዎት?» «ደህና፣ ይመስገን።» «ጤናዎስ?» «ምን እሆናለሁ፣ አንቺ ደህና ነሽ? ልጆቹስ?» «በእውነት ደህና ነዎት?» «ደንበኛ ገባ፣ ቻው።»

ስልኩ ሲዘጋ ቀለል አለኝ። ይሄንንም ልጻፈው፦ ቀለል አለኝ።

ሐሙስ

ከሥራ ስወጣ ኤርፖርቱ የታክሲ መጠበቂያ ሄድኩ። በስልክ የሚጠሩት መኪኖች ከመጡ ወዲህ ወረፋው አይንቀሳቀስም። ጋሽ ግርማ በቀን አሥራ አራት ሰዓት ይቀመጣሉ።

አንዱ ሾፌር «ጋሼ፣ ዳይሬክተርዎ ልትይዝዎ መጣች!» ብሎ ጮኸ።

ጠየቅኳቸው። ደህና። ጠየቅኳቸው። ይመስገን። ሦስተኛው ላይ «ምነው፣ እዚህም ድራማ አለ?» አሉ። አራተኛው ላይ መሪውን ጨበጡ።

«ከጥምቀት ጀምሮ ነው» አሉ። «ለትርሲት እንዳትነግሪብኝ።» ወይዘሮ ትርሲት ባለቤታቸው ናቸው።

«አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ከእሁድ በኋላ። ሰው ጠርተናል።»

ለአፍታ እሺ ልል ነበር። ከዚያ ተናደድኩ፣ በማን እንደሆነ አላውቅም። «እንግዲያው እሁድ አይጫወቱም» አልኳቸው።

«እኔ የቀበሌ ኪነት ስመራ አንቺ ገመድ ትዘልዪ ነበር!»

መስኮቱን ዘጉብኝ።

ዓርብ

ስልክ አያነሱም።

ለሰብለ ነገርኳት። እሷ አረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው፣ እንዲህ ዓይነት ሽማግሌ ታውቃለች። «ከመድረክ አባረሽ ሐኪም ጋ የሚሄዱ መሰለሽ? አኩርፈው ሶፋ ላይ ይተኛሉ እንጂ። መልሰሽ ጥሪያቸው። ነገ የከተማው ነርስ ለልምምዱ ትመጣ የለ? እኔ ልቀመጥና እሷ ትጫወት። በእውነተኛ መለኪያ።»

መልእክት ላክሁ፦ «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያለ እርስዎ አይሆንም። ነገ ከሰዓት።» እውነትም ነው፣ ውሸትም ነው።

መልስ የለም። ወጥ ቤቱን ሁለቴ ጠረግኩት።

ቅዳሜ

መጡ። ከረባት አስረው። ሰላም አላሉኝም።

የከተማው ነርስ የኤል ሳልቫዶር ሰው ናት። ስለ ደረታቸው ሰብለ ቀድማ ነግራታለች። መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ጠቅልላ በእንግሊዝኛ እንዴት ነዎት አለቻቸው። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ወደ እኛ ዞሩና አንድ ቅንድባቸውን አነሱ፣ ሳቅ እየጠበቁ። ማንም አልሳቀም።

በሌላኛው ክንዳቸው ደግማ ለካች። ከዚያ ስልኳን አወጣች።

«ጋሼ፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ትላለች» አለች ሰብለ።

«ትዕይንቱ መች አለቀ?»

«ደራሲዋ እኔ ነኝ፣ አልቋል» አልኳቸው።

አዩኝ። ከዚያ ከረባታቸውን ፈቱት። አምቡላንሱ ሲመጣ በእግሬ ካልወጣሁ አሉ። ሠራተኞቹ አልፈቀዱላቸውም።

ወይዘሮ ትርሲት ሆስፒታሉ በር ላይ አገኙኝ። «ታውቂ ነበር?»

«ከሐሙስ ጀምሮ» አልኩ።

ከማክሰኞ ጀምሮ ነበር።

እሁድ

ድራማው ቀረ። ሰው ግን መጣ። የጋሽ ግርማ ወሬ ደርሶታል። መለኪያው ጋ የቆመው ሰልፍ እስከ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ደረሰ፣ የታክሲ ሾፌሮቹ ሳይቀሩ። አንዱ ክንዱን ሲዘረጋ ሌላው «እጅህ ለምን ይንቀጠቀጣል፣ ፖሊስ አስቆመህ እንዴ?» ይለዋል። ተራው ሲደርስ እሱም ቁጥሩን ሁለቴ ጠየቀ። ከጤና ቢሮ የመጣችው ሴት ደስ ብሏት ፎርም ሰጠችኝ፦ «ኪነ ጥበቡ ምን ለወጠ?» ባዶውን መለስኩላት።

ከሰዓት ወይዘሮ ትርሲት ደወሉ። ሁለት የልብ ቧንቧዎች ተዘግተዋል። ቀዶ ጥገናው ነገ ጠዋት ነው። ስልኩን ለጋሽ ግርማ ሰጧቸው።

«የኔን ቦታ ማን ተጫወተው?»

«ማንም።»

«ደግ አደረግሽ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ፈርቻለሁ» አሉኝ።

«እኔም» አልኳቸው።

ለነገ ጠዋት ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ሱፐርቫይዘሬ እስካሁን አልመለሰችልኝም። ብትፈቅድም ባትፈቅድም እሄዳለሁ።