አርባ አራት በል ስልህ

አባዬ፣ አላህ ያለህበትን ያስፋልህ። ከተለየኸን ይኸው ሦስተኛው ክረምት ገባ። አምቦ እንደምታውቃት ናት። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይወርዳል፣ መንገደኛው የሱቃችን በረንዳ ላይ ይጠለላል፣ ሲያባራ ምንም ሳይገዛ ይሄዳል። አንተ ብትኖር ቢያንስ ክብሪት ሳታስይዘው አትለቀውም ነበር።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ሱቁን እማ ይዛዋለች። ያ የዘይት በርሜል የለም። ዘይቱ አሁን በጀሪካን ታሽጎ ስለሚመጣ ስንት እንደቀረ በጣት እያንኳኳ የሚያውቅ ሰው አያስፈልግም። እማ ዋጋ አንዴ ትናገራለች፣ አትደግምም፣ አትቀንስም። ከወንጪና ከደንዲ የሚመጡት ደንበኞችህ በዚህ ተቸግረዋል። ባለፈው የገበያ ቀን አንድ ሽማግሌ ገመድ ይዘው «ኦቦ ሸምሱ ቢኖሩ እስካሁን ተጣልተን ታርቀን ነበር» አሏት። እሷም ወንበር ሰጠቻቸው እንጂ ዋጋውን አልነካችም። ጥቂት ተቀምጠው ከፍለው ሄዱ።

እኔ እዚያው ሆስፒታል ነኝ። ራጅ ክፍሉ አዲስ መሣሪያ ገብቶለታል፤ ፊልሙን ወደ መስኮት አንስቶ ማየት ቀርቷል፣ ምስሉ በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ ይመጣል። ከዚያ ውጭ ሥራው ያው ነው። ሰው እያሳለ ይመጣል፣ ሰው ትንፋሽ አጥሮት ይመጣል፣ እኛ ምክንያቱን እንፈልጋለን።

እራት ላይ ስለ ሥራዬ ትጠይቀኝ ስለነበር አብዛኛውን ታውቀዋለህ። ለሚያስል ሰው መጀመሪያ ዓይን ነው የሚቀድመው። ሲተነፍስ የትኛው የደረቱ ጎን ወደኋላ እንደሚቀር ታያለህ። ቀጥሎ መዳፍህን ጀርባው ላይ ታሳርፍና «አርባ አራት ይበሉ» ትለዋለህ። ሳንባው ደህና ከሆነ ድምፁ በደረቱ አልፎ መዳፍህን ይነዝረዋል። ለምን አርባ አራት እንደሆነ ስትጠይቀኝ «ር» የምትባለው ፊደል ስለምትንቀጠቀጥ ይመስለኛል አልኩህ፤ ለእኛም ምክንያቱን ማንም አልነገረንም። አማርኛ ለማይቀናው በኦሮምኛ «አፉርታሚ አፉር» እናስብለዋለን። አንድ የደንዲ ገበሬ አርባ አራት ይበሉ ብላቸው «የለም ልጄ፣ እኔ ስልሳን ካለፍኩ ቆየሁ» እንዳሉኝ የነገርኩህ ማታ እንባህ እስኪወርድ ሳቅክ። ከዚያ ወዲያ እንግዳ በመጣ ቁጥር አንተው ታወራው ነበር፤ አንተ ባወራኸው ቁጥር የሰውየው ዕድሜ ይጨምራል።

ሕመምህን መጀመሪያ ያየሁት እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው። ክርክር ማሳጠር ጀመርክ። ሰው ይቀነስልኝ ሲል ድሮ የጭነቱን፣ የመንገዱን፣ የአቅራቢውን ክፋት ዘርዝረህ፣ ምለህ፣ ተቆጥተህ ነበር የምትቀንሰው። ያን ሰሞን ወዲያው «እሺ ውሰደው» ማለት አመጣህ። ደንበኛው ልብህ የራራ መሰለው። እማም ሽምግልና ነው አለች። እኔ ግን ዓረፍተ ነገርህን መሃል ላይ ቆርጠህ አየር ስትስብ አይቼ ሱቁ ሲዘጋ ሸሚዝህን አስወለቅኩህ።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥክ፣ እማ በሩ ጋ ቆማ ነበር። አንድ ጣቴን ጀርባህ ላይ አስተኝቼ በሌላኛው እጄ ጣት እያንኳኳሁ ከላይ ወደ ታች ወረድኩ። ልጅ ሆኜ በርሜሉ ላይ ያሳየኸኝ ያው ነገር ነው፤ አየር ያለበት ባዶ ይጮኻል፣ የሞላው ድፍን ይላል። በግራህ በኩል እስከ ታች ድረስ ባዶ ነበር። በቀኝህ ከትከሻህ አጥንት ግርጌ ድምፁ ተቀየረ። ወደ ታች ወርጄ ሳልጨርስ፣ ፊትህን ሳታዞር «ሞልቷል» አልክ። ብዙ ሰው መርምሬአለሁ፤ ውጤቱን ከእኔ እኩል የሰማ ግን አንተ ብቻ ነህ።

ያኔ መዳፌን አሳርፌ «አርባ አራት በል» አልኩህ።

«ለአንቺ አርባ ይሁንልሽ» አልክ።

ሳቅሁ። እማም ሳቀች። ዋጋው አይቀንስም ስልህ እሺ ብለህ አርባ አራት አልክልኝ። በግራ በኩል ድምፅህ መዳፌ ላይ መጣ። በቀኝ በኩል ከታች ምንም የለም። አፍህ አርባ አራት ይላል፣ እጄ ሥር ዝም ብሏል። ሳንባና ደረት መሃል ውሃ ሲቋጠር ድምፁን ይውጠዋል። በዚያች ደቂቃ ያዘንኩትን ያህል በቀብርህ ቀን አላዘንኩም።

በማግስቱ ራጅ ተነሳህ። ፊልሙን መስኮት ላይ አድርጌ፣ ሳንባ አየር ስላለው ጥቁር ሆኖ እንደሚታይ፣ በቀኝህ ከታች እስከ መሃል የነጣው ግን ውሃው እንደሆነ አሳየሁህ። «እንግዲህ ጥቁሩ ነው ጥሩው» ብለህ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው ፊልሙን ገልብጠህ አየኸው። ከዚያ ውሃው ተቀዳ፣ አዲስ አበባ ተላከ፣ የመጣውን ስም ታውቀዋለህ። ካንሰር መሆኑን ለእማ ራስህ ነገርካት። እሷ ግን እስከዛሬ ራጅ ክፍሉን ነው የምትወቅሰው። በእግሩ ገብቶ በሽተኛ ሆኖ ወጣ ትላለች።

ይህን ሁሉ የምጽፍልህ በዚህ ዓመት እማ ማሳል ስለጀመረች ነው። ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ብርድ ነው አለችኝ። ስትሰግድ አየኋት፤ ከሱጁድ ቀና ስትል ጎኗን ይዛ ትቆያለች። ሌሊት ያተኩሳታል፣ ጠዋት ሱቅ ትከፍታለች። ራጅ እንነሳ ስላት «አባትሽ የገባበት አልገባም፤ እጅሽ ካልበቃ ይቅርብኝ» አለች። እማን ታውቃታለህ፣ ይህም የመጨረሻ ዋጋ ነበር። አንተን የወሰደው ነገር እሷንም ይዟት እንደሆነ የማውቅበት ከእጄ ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ፈራሁ።

አንተ የተቀመጥክበት አልጋ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኳት። እያንኳኳሁ ወረድኩ። ግራው ደህና ነው። ቀኙ ከታች ድፍን አለ። ያው ጎን፣ ያው ቦታ።

እጄን አነሳሁ። ማንኳኳት ብቻውን አይበቃም፤ ውሃም ሆነ በሳንባ ምች የጠጠረ ሳንባ ሲያንኳኩት ድፍን ነው የሚለው። የሚለያቸው መዳፍ ነው። ውሃ ድምፅን ይውጠዋል፣ የጠጠረ ሳንባ ግን ያቀርበዋል። ይህን ለተማሪዎቼ ዘወትር እነግራለሁ። ያም ሆኖ መዳፌን ለማሳረፍ ጊዜ ፈጀሁ፤ እማም ጠበቀችኝ። ምን እንደምፈልግ ታውቃለች፣ ያን ቀን በሩ ጋ ቆማ አይታለች።

አርባ አራት በይ አልኳት። ዋጋ እንደምትናገረው አድርጋ፣ አንዴ፣ ቁርጥ አድርጋ «አርባ አራት» አለች። በቀኝ በኩል ከታች ድምፁ መጣ። ከግራው ይልቅ በርትቶ መጣ። እጄን ስላላመንኩት ድገሚልኝ አልኳት። «አንዴ ተናገርኩ እኮ» ብላ አጉረመረመች፣ ደግማ አለችልኝ። አሁንም በርትቶ መጣ። ማዳመጫውን ሳደርግ እዚያው ቦታ ላይ፣ ፀጉር ጆሮ ሥር በጣት ሲታሽ የሚሰማው ዓይነት መንኮሻኮሽ ሰማሁ። የሳንባ ምች ነው።

«ድምፁ እንደ አባትሽ ጠፋ?» ብላ ጠየቀችኝ። አልጠፋም፣ እንዲያውም ጨምሯል አልኳት። የሚድን ነው፣ ነገር ግን ከሥሩ ሌላ ነገር አለመኖሩን በምስል ልየው አልኳት። ነጠላዋን አነሳች፤ ጫማዬን እስካደርግ ደጅ ወጥታ ትጠብቀኝ ነበር።

ራጅ ክፍሉ ውስጥ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ትከሻዋን ወደፊት ሰብስባ፣ ትንፋሽሽን ያዢ ሲሏት ያዘች። ራጅ የሚያነሳው ልጅ ተንፍሺ እስኪላት ድረስ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ምስሉ ላይ በቀኝ በኩል ከታች ነጭ ደመና አለ። የጎድን አጥንት ከሳንባው ወለል ጋር የሚገናኝባት ማዕዘን ግን ጥቁርና ሹል ሆና ትታያለች። በአንተ ፊልም ላይ ያቺን ማዕዘን ውሃው ውጧት ነበር። እማ ስክሪኑን አይታ ጥቁሩ ነው ጥሩው አይደል ስትለኝ ከማን እንደሰማችው አልጠየቅኳትም። መድኃኒቷን ጨረሰች፣ ትኩሳቱ ለቀቃት። ከሳምንታት በኋላ ደግመን ስናነሳት ደመናው ጠፍቷል።

ያን ዕለት ቤት ስንመለስ አንዴ በእጄም ልየው ብዬ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኳት። መዳፌን በቀኝ በኩል ከታች፣ የአንተ ድምፅ በጠፋበት ቦታ ላይ አሳረፍኩ። አርባ አራት በይ አልኳት። ዋጋ ቀንሳ የማታውቀው እማ ቀስ ብላ «ለአንቺ አርባ ይሁንልሽ» አለች።

እጄ ሥር ድምፁ ከግራው እኩል ሆኖ ይሰማ ነበር። እሷም አልዞረችም፣ እኔም እጄን አላነሳሁም።

አባዬ፣ አልረሳህም ብዬ ቃል ብገባ ከባድ ነገር አይደለም። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ የሰው ጀርባ ላይ እጄን ማሳረፍ ነው። እነሱ አርባ አራት ባሉኝ ቁጥር እኔ አራቱን የቀነስክልኝን አንተን አስባለሁ።

ልጅህ