ሄሊኮፕተሩም አረፈ፣ እኔም አረፍኩ

ለተከበሩ የተራራ ጉብኝት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው? የእኔን እንደማይጠይቁኝ ስለማውቅ ራሴ ልንገርዎት። ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፤ እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ እተኩሳለሁ፣ ጣራዬ ሲያፈስ ራሴ እወጣለሁ፣ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህም የማንንም ደጅ ጠንቼ አላውቅም። ፊደል ግን ብዙ አልቆጠርኩምና ስሕተት ቢያገኙ በዕድሜዬ አያላክኩ፤ በጎልማሳነቴም እንዲሁ ነበርኩ።

ልጄ ለልደቴ የእናንተን የአንድ ቀን የተራራ የእግር ጉዞ ጋብዛኝ ነበር። ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ለእግር ጉዞ መጥቼ በሄሊኮፕተር ስለጫናችሁኝ አመሰግናለሁ። ዕድሜ ልኬን ተራራ የሚወጣው በእግር ሲመስለኝ ኖሬ፣ የእግር ጉዞ ማለት እግርን አንጠልጥሎ መቀመጥ መሆኑን ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ።

ሁለተኛ፣ ሄሊኮፕተሩ ከጫፉ በታች ካለው ሜዳ ላይ እንዳረፈ፣ አስጎብኚያችሁ፣ የልጅ ልጄን የሚያክል ትሑት ልጅ ነው፣ እግዜር ያሳድገው፣ «አባባ፣ እርስዎ እዚች ድንጋይ ላይ ይረፉ» አለኝ። ገና አንድ እርምጃ አልተራመድኩም። አብረውኝ የወረዱት ጎልማሶች ግን ከፍታው ትንፋሽ አሳጥቷቸው ያለከልኩ ነበር። ቢሆንም እንግዳ ነኝና የባለቤቱን ቃል ላክብር ብዬ ተቀመጥኩ።

ሦስተኛው ላይ ነው ነገር የመጣው። ይኸው ልጅ በሬዲዮው ወደ ቢሯችሁ፣ «ሽማግሌው አርፈዋል፤ እኛ ጉዟችንን እንቀጥላለን» ብሎ አስተላለፈ። አጠገቡ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ ክፋት አልታየኝም፣ ማረፌ እውነት ነበራ። ቢሮ ያለችው ጸሐፊዎ ግን በአስጎብኚው ጨካኝነት እያዘነች፣ «እንዴት?» ብላ መልሳ ሳትጠይቅ ለልጄ ደወለች። ድምጿንም ዝቅ አድርጋ፣ «አባትዎ ተራራው ላይ አርፈዋል» አለቻት። እሷም አልዋሸችም። ድርጅታችሁ ውስጥ አንድም ውሸታም እንደሌለ የትም ቀርቤ እመሰክራለሁ።

እኔ ድንጋዬ ላይ ፀሐይ ስሞቅ ሰፈር ውስጥ ተለቀስኩ። አመሻሹ ላይ ስመለስ ግቢዬ በወንበር ተሞልቷል። ማን ሞተ ብዬ ብጠይቅ ጎረቤቴ አናጢው «አንተ ነህ» አለኝና ከነወንበሩ ወደ ኋላ ተገለበጠ። የላካችሁት የሐዘን አበባም ደርሶኛል። ሟቹ ራሱ ፈርሞ ሲረከብ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ውሃ አድርጌለት መስኮቴ ላይ አለ፤ ጥሩ አበባ ነው።

አራተኛ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ልጄ አንገቴን አቅፋ አልቅሳ ስታበቃ፣ «ከእንግዲህ ብቻህን አታድርም፣ ቤቱን ዘግተን እኔ ጋ ትገባለህ» አለች። አልደከምኩም፣ አረፍኩ እንጂ ብላት፣ «አባዬ፣ ሰው ሳይደክመው ያርፋል እንዴ?» አለችኝ። ለእሑድም ዕቃዬን የሚጭን መኪና ተነጋግራለች። አርባ ዓመት የኖርኩበትን ቤት፣ በአንዲት ቃል ልነቀል ነው።

ስለዚህ ካሣም ሌላ ሄሊኮፕተርም አልፈልግም። ከእሑድ በፊት በአካል ልጄ ቤት ሄደው፣ ያስቀመጠኝ የእናንተ ሰው እንጂ ጉልበቴ እንዳልሆነ ይንገሯት። እኔ ብነግራት አባት ነኝ፣ አታምነኝም፤ እርስዎ ግን ከረባት አለዎት።

ቆሜ በገዛ እጄ የጻፍኩ፣
ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና ጥርት ያለ ሬዲዮ የምመኝ፣
ትሑት የቀድሞ ሟችዎ

ማሳሰቢያ፦ ያለብኝን ዕዳ ማንም እንዳይከፍልልኝ። በአጥር ነገር የተኳረፍኳት ጎረቤቴ ከልቧ አልቅሳልኛለችና ራሴ ደጇ ሄጄ ሰላም እላታለሁ። አናጢው በለቀስተኛው ፊት ቸር ሰው ነበር ብሎ መስክሮልኛል፤ ውሸታም እንዳይባል ለዓመታት የከለከልኩትን መሰላል አውሰዋለሁ። ለእርስዎ አንድ ጉብኝት አለብኝ፤ ልጄ ጋ ካልሄዱ፣ ሰኞ ቢሮዎ መጥቼ ወንበርዎ ላይ አርፋለሁ። ልጄ ደግሞ እንባዋን አስቀድማ ከፍላኛለችና አንድ ሞት አለብኝ። እሱንም ራሴ፣ በጊዜዬ፣ በገዛ ቤቴ እከፍላለሁ።