ከኋላ ኮፈኑ አልለቅ ያለው «ለማጅ»

ተሾምዬ፣

ሞት ከለያየን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ዝናቡ አቁሟል፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ግን እዚህ ፈረንሳይ ሰፈር አሁንም ጠዋት ጠዋት ጋቢ ያስደርባል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደድሮው ያመኛል፣ ምላሴም እንደድሮው አያርፍም። የምጽፍልህ ናፍቆቴን ልዘረዝርልህ ብዬ አይደለም፣ እሱን ታውቀዋለህ። አንድ ነገር ልጠይቅህ ፈልጌ ነው፤ ካልጠየቅኩህ እንቅልፍ አይወስደኝም።

መጀመሪያ ግን የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ልጃችን ምሕረት አያት ኮንዶሚኒየም ገብታለች፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት የሌለው። በቅርቡ ትወልዳለች። የመንገድ ዳሩን ክፍል ለፀጉር ሠሪዋ ለሮማን አከራየሁት፤ አሁን የሰፈሩ ወሬ ከነትኩሱ ግድግዳዬ ድረስ ይመጣልኛል። ትልቁ ዜና ግን ሌላ ነው። አራስ ቤት በታክሲ ሰልፍ አልመላለስም ብዬ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። አዎ፣ እኔው ጽጌ። መኪናህን የምነዳት እኔ ነኝ።

ምሕረት የምሥራቹን ስነግራት መጀመሪያ ያለችኝ «እማዬ፣ እንግዲህ ለማጅ የሚለውን አንሺው፣ ተመርቀሻል» ነበር።

ከኋላ ከታርጋው በላይ፣ ኮፈኑ ላይ የለጠፍከውን ስቲከር ማለቷ ነው። ልታስተምረኝ ወደ እንጦጦ ማርያም መውጫው ዳገት የወሰድከኝን ቀን አትረሳውም። ሞተሩ ጠፋብኝና መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ከኋላችን ቅጠል የጫኑ አህዮች ነበሩ፤ ነገሩ ከኔ ቀድሞ ገባቸውና መንገድ ለቀቁ። አንተ የእጅ ፍሬኑን ስበህ እስክታለቅስ ሳቅክ። እኔ በሩን ወርውሬ ወረድኩ፣ እስከ ቤት በእግሬ መጣሁ፣ ሁለተኛ መሪ አልነካም ብዬ ማልኩ። አንተም አልለመንከኝም። ለማጅ የሚለውን ግን አላነሣኸውም።

ዕድሜህን ሙሉ የነዳህ ሰው ከኋላህ ለማጅ ለጥፈህ ስትዞር ሰፈሩ ስንት ሳቀብህ። እኔ አንዳንዴ በኔ እየቀለድክ ይመስለኝ ነበር፣ አንዳንዴ ደግሞ ረስተኸው። ጥያቄዬ ይኸው ነው፣ ተሼ። ለምን ተውከው? እውነት ቀልድህ ነበር?

ይህን እያሰብኩ ላነሣው ወጣሁ። በጥፍሬ ጫፉን ስሞክረው እንደ ደረቅ ቅጠል እየተሰበረ ቀረ። ፀሐይ አብስላው ከቆርቆሮው ጋር አንድ ሆኗል። የጎረቤታችን በር ተከፈተና ጋሽ በላቸው ምላጭ ይዘው መጡ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሰው መኪና ሲነካ ሳያዩ አያልፉም። «ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ዞር በይ» አሉኝ።

እጃቸውን ያዝኩት። «ጋሼ፣ ቀለሙ ይፋቃል።»

«ታዲያ በቤንዚን አርጥቢው።»

«እሱም ቀለሙን ይበላዋል።»

«አንቺ ልጅ፣ ለመኪና እንዲህ ከሳሳሽ ለሰውማ እንዴት ልትሆኚ ነው?»

ሰው ምን ያውቃል፤ ያቺን ቀለም አንተ እንዴት እንደጠበቅካት ያየሁት እኔ ነኝ። የድመት እግር ዱካ ስታይባት ፊትህ ይጠቁር አልነበር? እጄ ላይ ብትጫር በየት በኩል ይቅርታ እጠይቅሃለሁ?

ሮማን በመስኮት ስትሰማን ቆይታ ፀጉር ማድረቂያዋን ይዛ ወጣች። «እትዬ ጽጌ፣ እኔ የዊግ ሙጫ ከሰው ግንባር ሳላቆስል የማነሣ ሴትዮ ነኝ፤ ቆርቆሮ ያቅተኛል?» አለች። ምሕረት ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ያየችውን በስልክ ታዘናለች። በመጀመሪያ በሳሙና አጠብነው፤ አቧራው ካልወጣ እንደ አሸዋ ይሞነጭራል አለች። ሮማን ማድረቂያውን ራቅ አድርጋ፣ አንድ ቦታ ሳታቆም እያዟዟረች አሞቀችው፤ እኔ በእጄ ጀርባ እየነካሁ እንዳያቃጥል አየሁ። ለስለስ ሲል ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ በስስ ጨርቅ ጠቅልዬ ከጫፉ ሥር አስገባሁ። ወደ ላይ አይጎተትም፤ ወደ ራሱ እያጠፉ፣ ከቀለሙ ጋር አስተኝቶ በቀስታ ነው።

መሐሉ ላይ ስንደርስ መብራት ሄደ። ጋሽ በላቸው ምላጩን ደግመው አሳዩኝ። እኔ ከሰል ላይ ውሃ አሞቅኩና ፎጣ እየነከርኩ አስተኛሁበት።

በመጨረሻ ሙሉው ተነሣ። ሥሩ ቀለም ይታያል ስል ሌላ ለማጅ አየሁ። ጽሑፉ የደበዘዘ። እሱንም በፎጣ አሙቀን ስናነሣው፣ ከሥሩ ሦስተኛ ለማጅ፣ ፊደሉ ጭራሽ የጠፋ።

ተሼ፣ ረስተኸውስ አልነበረም። ሲደበዝዝብህ አዲስ እየገዛህ በላዩ ትለጥፍ ነበር። የላይኛውን አውቀዋለሁ መሰለኝ። ታመህ፣ ትንፋሽ እያጠረህ፣ ተኛ እያልኩህ ሾላ ገበያ ሄደህ በርበሬ ይዘህ የመጣህ ቀን ኮትህ ውስጥ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ምንድነው ስልህ «የመኪና ነገር ነው» አልከኝ። በርበሬውን ማን ጠየቀህ? ቤት ሞልቶ ነበር እኮ።

«ትራፊክ እንዲያዝንለት ነበር የሚለጥፈው» አሉ ጋሽ በላቸው። ሮማን ግን «ወደ መሪው እስክትመለሺ እየጠበቁሽ ነበራ» አለችኝ። አንተን ስለማውቅህ የጋሽ በላቸውም ነገር አይጠፋበትም። ግን ትንፋሽ ያጠረው ሰው ለቀልድ ብሎ ሾላ ድረስ አይሄድም። እንዲያ ብዬ ፈርጃለሁ።

ሦስተኛውንም ካነሣን በኋላ የቀረው ሙጫ ላይ የምግብ ዘይት በጨርቅ አድርጌ አቆየሁበትና ተጠቅልሎ ወጣ። በሳሙና አጥቤ ፖሊሽ ቀባሁት። አንዲት ጭረት የለባትም። ተለጥፎበት የነበረው ቦታ ከሌላው ይልቅ ደመቅ ያለ አረንጓዴ ነው፤ ገና የገዛናት ጊዜ እንዲህ ነበረች ለካ።

በማግስቱ ወደ ምሕረት ስሄድ መገናኛ ጋ ማርሹን እስካገኝ ትንሽ ቆየሁ። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጡሩምባውን ለቀቀው። ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ «እናት፣ ተኝተሽ ነው? ወይ ንጂ ወይ ውረጂ» አለኝ። ከኋላዬ የሚያስታግሰው ነገር አላየማ። ወርጄ ልነግረው አማረኝ፤ ይቺን ከተማ በሙሉ ታገሷት እያለ ስለኔ ሲለምን የኖረ ሰው ነበር ብዬ። መንገዱ ተከፈተና ነዳሁ።

እንግዲህ ጡሩምባ በተነፋብኝ ቁጥር አስብሃለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ እየነዳሁ አንተን የምረሳበት ቀን አይኖርም።

ያንተው ጽጌ