የአዴ ዙሀራ ድስቶች

ሚያዝያ 8 ቀን 1977፣ ሸቤ

ዝናብ። ሙጫው አልደርቅ አለ። የአባቦራን ሳጥን ለነገ ብዬው ነበር... ለነገ ያልኩት ግን ከፋሲካ በፊት ነው። ዛሬ መጥቶ፣ «ጋሽ ገበየሁ፣ ሳጥኑ የሚደርሰው ለልጄ ሠርግ ነው ወይስ ለልጅ ልጄ?» አለኝ። ለሁለቱም እንዲበቃ አድርጌ ነው የምሠራው አልኩት።

ከሰዓት ወደ ድስቶቹ ብቅ አልኩ። ሰፋሪዎቹ ከወሎ ከመጡ ጀምሮ የአዴ ዙሀራ የሴቶች እድር የለቅሶ ድስቶቹን አውጥቶ ለልጆቹ አጥሚት ያፈላል። ማንም አላዘዛቸውም። እህሉንም ያዋጡት ራሳቸው፤ አሁን ሊያልቅባቸው ነው። ልጆቹ ግን ጉንጭ አውጥተዋል። አንዷ ስታየኝ ትንከተከታለች። ለካ ጺሜ ላይ ሰጋቱራ ነበር።

ሚያዝያ 9

ውቢት እራት አልበላ አለች። የእህቴ ልጅ ናት፣ ለእርዳታ ድርጅቱ ታስተረጉማለች። «ምነው፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እዚያው ጨርሰሽ መጣሽ?» ብላት አልሳቀችም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ድርጅቱ እህል ሊያመጣ ነው። ጥሩ። ኃላፊው ጓድ ሣህሉ ግን ከጅማ አብሳዮች አስመጥቶ፣ ድስቶቹን ተረክቦ፣ የእድሩን ሴቶች እንጨትና ውሃ ሊያስመላልሳቸው አስቧል። ሴቶቹ ሰምተዋል። እንዲህ ከሆነ ሰኞ ድስቶቻችንን ይዘን ወደየቤታችን ብላለች ዙሀራ። የጅማዎቹ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በፊት አይደርሱም። በመሃል ልጆቹስ?...

ንገሪው አልኳት። ነግራዋለች። ቅዳሜ ቢሮ ይምጡና ውሳኔውን ያዳምጡ ብሏታል።

ያዳምጡ አለ። ይናገሩ አላለም።

ሚያዝያ 10

ቢሮውን በመስኮት አየሁ። አንድ ጠረጴዛ፣ ስድስት ወንበር። ባለፈው ስብሰባ ሣህሉና ሰዎቹ ተቀምጠው፣ ሴቶቹ በር ላይ ቆመው ነው የሰሙት። ወንበሮቹን የሠራኋቸው እኔ ነኝ...

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ባይጻፍ ይሻላል።

ሚያዝያ 11

ይጻፍ እንጂ፣ ማን ያነበዋል? የወንበሮቹ እግር ተነቃንቋል ብዬ ለዘበኛው ነግሬ በጋሪ አመጣኋቸው። ጠረጴዛውንም። ጠረጴዛው ደግሞ ምን ሆነ አለኝ። «ብቻውን ምን ይሠራል?» አልኩት። አሰበበትና አገዘኝ።

ሚያዝያ 12

ሣህሉ ባዶ ክፍል ገብቶ ጮኸ። አስጠራኝ። ሙጫ ቀብቻቸዋለሁ፣ እስከ ሰኞ አይነኩም አልኩ። ውቢት ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣ «ጋሼ፣ ምን አደረጉ?» አለችኝ። ከዚያ ዞር ብላ ለሣህሉ የአዴ ዙሀራ ግቢ ሰፊ ነው፣ ምንጣፍም አለ አለችው። የእህቴ ልጅ አይደለች?

ሄድን። ሣህሉ ጫማውን አወለቀ። ካልሲው ቀዳዳ ነው። ሁሉም እንዳላዩ ሆኑ... እኔ አየሁ።

በእድሩ ደንብ እንግዳ የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ተቀምጦ ሰማ። ሁሉንም። ከእድሩ ሴቶች አንዷ፣ ኩልሱም፣ ከልጇ አፍ ቀንሳ ያመጣችውን በቆሎ ተናገረች። ሌላዋ ደግሞ የወሎዎቹ እናቶች ራሳቸው ማማሰል ጀምረዋል፣ አሁን እነሱን ማን ያባርራል አለች። ውቢት አንዲት ቃል ሳትዘል አስተረጎመች። ተራው ሲደርስ ሣህሉ የያዘውን ወረቀት አላነበበም።

«እኔ እኮ እንዲቀልላችሁ ብዬ ነው» አለ።

ዙሀራ ውቢትን አልጠበቀችም፣ በአማርኛ መለሰችለት። «ጠይቀኸን ነበር?»

ወረቀቱን አጠፈ። ከዚያ፣ «አልጠየቅሁም።»

ወደድኩት። መዋሸት ይችል ነበር።

የሱም ጭንቀት ወጣ። እህል ቢጎድል የሚታሰረው እሱ ነው። ጓደኛው አምና በዚሁ ታስሯል። ይህን ማንም አላወቀም። እኔም... ስንቀልድበት የከረምነው ሰው እንቅልፍ የለውም ለካ።

«ወላሂ፣ ይሄን መጀመሪያ ብትነግረን ምን ነበረበት?» አለች ዙሀራ። «ሲመዘን አብረን እንቁም። ከጎደለ አብረን እንጠየቅ።»

ተስማሙ። ማብሰሉ የእድሩ። የእህሉ መጋዘን ሁለት ጓጉንቸር፤ የአንዱ ቁልፍ እሷ ዘንድ፣ የሌላው እሱ ዘንድ። የሚለወጥ ነገር ካለ ተቀምጠው። ከጅማ ማንም አይመጣም። ጓጉንቸሮቹን የምገጥመው እኔ ነኝ።

ሚያዝያ 14

ሰኞ። ድስቶቹ እሳት ላይ ናቸው። እፎይ።

ወንበሮቹን መለስኩ። ሣህሉ አገላብጦ አይቶ፣ «አንዱም አልተነካም እኮ» አለኝ። የጥሩ አናጢ እጅ አይታይም አልኩት። አየኝ፣ አየኝና... ሳቀ።

ሚያዝያ 25

ሁለት ቁልፍ ሁለት ጣጣ። ዙሀራ ለቅሶ ሄዳ ሣህሉ መጋዘኑ በር ላይ ግማሽ ቀን ተገተረ። በሌላው ቀን እሱ ጅማ ቀርቶ እሷ ተገተረች። ተኮራረፉ። አጥሚቱ ዘገየ እንጂ አልቀረም። አሁን የሚሄድ ሰው ቁልፉን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ነው የሚሄደው። መኮራረፉም ደህና ነው፤ ከማይቀርቡት ሰው ጋር ማን ይኮራረፋል?

ግንቦት 9

ሣህሉን ከላይ አለቆቹ በስልክ ፈለጉት። የሸቤ ስልክ ካልጮሁበት አይሰማም፤ እዚህ የሚደውል ሰው ምሥጢር የለውም። ከሚመልስላቸው እንደገባን ከእህሉ ግማሹን ወደ ሌላ ጣቢያ አዛውር ነው የሚሉት። ከልጆቹ አፍ ማለት ነው። መንገደኛው ሁሉ ቆመ። እኔም መጋዜን እንደያዝኩ። ትእዛዝ ነው። በዚህ ዘመን ትእዛዝን እንቢ የሚል ማነው?

«አልሰማም... አልችልም ጓድ። ብቻዬን አልወስንም። አዴ ዙሀራ ሳይስማሙ አይወጣም... ዙሀራ! አዎ፣ የእድሩ... ቁልፉ እሳቸው ዘንድም ነው... የለም፣ አልነጥቃቸውም። መጥታችሁ ከነሱ ጋር ተነጋገሩ።»

ዙሀራ ከመንገዱ ማዶ ጨው ስትገዛ ነበር። ቆማ ጨርሳ ሰማች። «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ቀስ ብላ። ሻሿን አስተካክላ ወደ ድስቶቿ ሄደች።

ሣህሉ በላብ ተዘፍቆ ከቢሮው ወጣ። ምን አሉ አልኩት።

«እስክንነጋገር አንዲት ኩንታል አትንቀሳቀስም። ሐሙስ እንመጣለን አሉ።»

ለአዴ ዙሀራ ልንገራት ብሎ ሊሮጥ ተነሳ። ሰምታለች አላልኩትም። ራሱ ይንገራት።